ጥርት ብሎ ይሰማል

አዶኒያስ የሰው አፍ እንዲህ ጆሮው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ዋሽንግተን አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ለሙከራ ወጥተው ቀይ መብራት ይዟቸው ቆመዋል። ከፊቱ ያለው ወንድሜነህ ጓንቱን አውልቆ፣ ከጃኬቱ ኪስ ቆሎ እየዘገነ በሞተር ሄልሜቱ መስኮት ወደ ውስጥ ይወረውራል። ቆሎው የሚቆረጠመው እዚያ፣ ሦስት ሜትር ራቅ ብሎ ነው፤ ድምፁ ግን እዚህ አዶኒያስ ጆሮ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ቁርጠማው፣ ቀጥሎ ምራቁ፣ ቀጥሎ በጥርሱ መሃል የተሰነቀረውን በምላሱ ሲታገል፣ በመጨረሻም ግሳት። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም። አዶኒያስን ቋቅ አለው።

«አበልጄ፣ እንዴት ነው? ይሰማል?» አለ ወንድሜነህ አፉን እንደሞላ።

«ይሰማል» አለ አዶኒያስ። «ሁሉም ነገር ይሰማል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ አሥራ አራት ሐበሾች የሞተር ማኅበር አላቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ምግብ ቤት ጀርባ ካለው ፓርኪንግ ይገናኙና በሰልፍ ይወጣሉ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ኪዳኔ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው የቆዳ ሱሪ ያጠለቁ ሰው። እስካለፈው ዓመት ድረስ በእጅ ምልክት ነበር የሚግባቡት። ታዲያ አንድ ቀን ግማሹ ወደ ባልቲሞር፣ ግማሹ ወደ ፍሬድሪክ ሄዶ፣ ሁለቱም ወገን «የጠፋችሁት እናንተ ናችሁ» ሲባባል ውሎ ከመጣ በኋላ፣ ሄልሜት ላይ የሚገጠም መነጋገሪያ፣ ኢንተርኮም የሚሉት ነገር፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይገዛ ተባለ። የትኛው ይገዛ የሚለውን አዶኒያስ ይወስን ተባለ። አዶኒያስ አዲስ አበባ ሳለ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ አሁን አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ የተበላሸ ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው። «ባለሙያ እያለን ምን ያከራክረናል?» አሉ ጋሽ ኪዳኔ፤ በዚሁ አለቀ።

አዶኒያስ ነገሩን እንደ ቀልድ አልያዘውም። ምክንያቱም ኤፍራታ ነበረች።

ኤፍራታ ታናሽ እህቱ ናት። በአሥራ አንድ ዓመቷ መጥታ እሱ ቤት አድጋ፣ አሁን ግሪንቤልት ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ሞተር እንድትነዳ ያስተማራትም እሱ ነው። ባለፈው መስከረም መንጃ ፈቃዷን አውጥታ አንዲት ሰማያዊ ሞተር ስትገዛ፣ እናታቸው አዲስ አበባ ሆነው ሳምንት ሙሉ አለቀሱ። አዶኒያስ በስልክ «እማዬ፣ ከዓይኔ አላርቃትም» ብሎ ማለላቸው። መሐላው ግን ከማኅበሩ ሰልፍ ጋር አልተስማማም። ሌላው ዓለም ጀማሪውን ከመሪው ኋላ ያስከትላል፤ የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ነውር አይሠራም። ታላቅ ከፊት ይሄዳል፣ ታናሽ ይከተላል፣ ትናንት የመጣ ደግሞ ከሁሉ ኋላ ይሆናል። ስለዚህ ጋሽ ኪዳኔ አንደኛ፣ አዶኒያስ ሰባተኛ፣ ኤፍራታ አሥራ አራተኛ። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ከፊቷ ያለውን ሰው ጀርባ እንኳን አታይም። እዚያ ድረስ የሚደርስላት ነገር ቢኖር ድምፅ ብቻ ነው። አዶኒያስ ሊመርጥ የወጣው ይሄን ድምፅ ነበር።

ሦስት ዓይነት አገኘ። ሦስት ሳምንት ከሥራ በኋላ የሆቴሉን ባልደረባ ሙደሲርን ሌላ ሞተር ላይ እያስቀመጠ፣ ወንዙን ተከትሎ በሚሄደው መንገድ ላይ ሲመላለስ ከረመ። የመጀመሪያው ዓይነት ሁሉም ከሁሉም ጋር በቀጥታ የሚነጋገርበት ነው፤ አንዱ ቢጠፋ ሌሎቹ በራሳቸው ይፈላለጋሉ። ሁለተኛው ደህና ነበር፣ ግን ባትሪው ቶሎ ይሞታል። ሦስተኛውን ያመጣው ወንድሜነህ ነበር፤ ከውጭ የሚያስመጣለት ሰው አለኝ ብሎ።

ይሄ ሦስተኛው ቃሉን እጅ በእጅ ነው የሚያቀብለው፤ አንደኛው ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው። መሃል ላይ አንድ ሰው ከተቆረጠ ከእሱ ኋላ ያለው ሁሉ ደንቆሮ ይሆናል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ስልኩ ነው። ስልክ ሲደወል ሦስት ጊዜ ይጮህና በራሱ ያነሳዋል፤ ማንም አንሳ ሳይለው። ያ ሰው ስልኩን እስኪጨርስ ድረስ ከኋላው ያሉት ምንም አይሰሙም፤ እንዳልሰሙም አያውቁም። አንዲት የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንኳን የለውም። አዶኒያስ አምስት ጊዜ ሞከረው፣ አምስቱንም ጊዜ ያው ነው።

በዚያ ላይ ዕቃው ያስጠላል። ወንድሜነህ «ለሙከራ» ብሎ የሰጠው እሱ ራሱ ሲጠቀምበት የከረመውን ነው። የማይኩ ስፖንጅ ላይ የደረቀ ምራቅ ቢጫ ሆኖ ተጋግሯል፤ ጆሮው ላይ የሚያርፈው ጨርቅ በላብ ጠቁሮ ሁለት የጺም ፀጉር ተለጥፎበታል። አዶኒያስ በወረቀት ይዞ አወለቀው፤ ከዚያም ጆሮውን በአልኮል ጠረገ፤ ከዚያም እጁን ታጠበ፤ ማታ ራት ላይ ግን ትዝ ሲለው ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠው።

«ይሄማ አይሆንም» አለ ለሙደሲር። «ለጠላቴ አልሰጠውም።»

በማግስቱ ወንድሜነህ ቤቱ ድረስ መጣ። አንድ ካርቶን ማንጎ ተሸክሟል። ወንድሜነህ ለአዶኒያስ እንዲሁ ሰው አይደለም። አዶኒያስ አሜሪካን የረገጠ ጊዜ ስምንት ወር ሶፋው ላይ ያስተኛው እሱ ነው፤ የመጀመሪያውን አፓርትመንት ሊዝ የፈረመለት እሱ ነው፤ ልጁን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። አበልጅ ናቸው። እና ደግሞ ወንድሜነህ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ኖሮ እንዴት በቀለለ! ማኅበሩን ይወዳል፤ ሲወድ ግን ማንንም አይጠይቅም።

«ሰርፕራይዝ አለኝ» አለ ሶፋው ላይ ተዘርፍጦ። «አሥራ አራቱም መጥተዋል። የማኅበራችንን ንስር አሳትሜባቸዋለሁ። በወርቅማ ቀለም! ስታየው እንባህ ነው የሚመጣው።»

«አዘዝካቸው? እኔ ገና ሳልመርጥ?»

«መምረጡንማ የምትመርጠው አንተ ነህ፤ እኔ ምን አገባኝ?» ወንድሜነህ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ የአዶኒያስን ጉልበት ያዝ አደረገው። «ብቻ አደራህን አበልጄ፣ ሰው ፊት እንዳታዋርደኝ።»

አዶኒያስ «እሺ» አላለም። «እምቢ»ም አላለም። ማንጎውን ላጠና አቀረበለት።

ስብሰባው የተደረገው ሲልቨር ስፕሪንግ ምግብ ቤቱ ውስጥ ነበር። ጾሙ ከተፈታ ገና ሁለት ሳምንቱ ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ ክትፎ ተደርድሯል። ወንድሜነህ ቀድሞ ደርሶ ካርቶኖቹን በክትፎው መሃል ከምሯል። ሁሉም አንድ አንድ እያነሳ በቅቤ ጣቱ ንስሩን ይዳብሳል፤ «ውይ ሲያምር!» ይላል፤ ለሚቀጥለው ያቀብላል። አዶኒያስ ያን የቅባት አሻራ እያየ ቆመ። ኪሱ ውስጥ የሦስት ሳምንት ሙከራ የጻፈበት ወረቀት አለ፤ ከአሌክሳንድሪያ ሲነሳ ጀምሮ መንገዱን ሁሉ በቃሉ ሲለው ነበር የመጣው።

«እሺ፣ ባለሙያው ይናገር» አሉ ጋሽ ኪዳኔ።

ወንድሜነህ አፉን ጠርጎ ፈገግ አለ፤ ሠርጉን እንደሚጠብቅ ሙሽራ ነው የሚመስለው። ከጠረጴዛው ጫፍ ኤፍራታ አገጯን በእጇ ደግፋ ወንድሟን ታያለች፤ ዓይኗ ውስጥ ያለው ኩራት ነው።

አዶኒያስ ወረቀቱን ለማውጣት እጁን ኪሱ ከተተ። እጁም እዚያው ቀረ።

«ሦስቱንም ሞክሬያቸዋለሁ» አለ። «ሁሉም የየራሳቸው ጥሩ ነገር አላቸው። ይሄኛው... ይሄኛው ይሻላል። ጥርት ብሎ ይሰማል።»

ተጨበጨበ። ወንድሜነህ ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ ሁለት ጉንጩን ሳመው፤ ቅቤውና ሚጥሚጣው ፊቱ ላይ ቀረ። አዶኒያስ ሽንት ቤት ገብቶ ታጠበ። መስታወቱ ውስጥ የቆመውን ሰውዬ ቀና ብሎ ማየት አስጠላው። ይሄ ሁሉ ሦስት ሳምንት፣ ይሄ ሁሉ ወረቀት፣ ለአንዲት ውሸት! እሷንም በገዛ ፈቃዱ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ አፉን ሞልቶ ተናገራት።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ወጡ። እሱ ራሱን የሚያታልልበት ዘዴ አገኘ። መንገድ ላይ ባረፉ ቁጥር ወደ ኤፍራታ ይሄድና «ይሰማሻል?» ይላታል። ሰዎቹ ዙሪያውን ቆመው ውሃ ይጠጣሉ። «ጥርት ብሎ» ትለዋለች። አንዴ እንዲህ አለች፣ ሁለቴ አለች፣ አምስቴም አለች። አዶኒያስ ተነፈሰ። ምናልባት የሞከርኩት ዕቃ ያረጀ ስለነበር ይሆናል አለ፤ አዲሶቹ ይሻሉ ይሆናል አለ። ሰው መዋሸት የጀመረ ቀን መጀመሪያ የሚያምነው ራሱን ነው። የቀረው ጉዞ ያው የአፍ ጉድ ነበር፤ አንዱ አክታውን ይስባል፣ አንዱ ያፏጫል፣ ወንድሜነህ ቆሎውን ይቆረጥማል። አዶኒያስ ይሄን ሁሉ እየሰማ፣ መስማቱን ብቻ እንደ ማስረጃ ቆጠረው።

በሰኔ አጋማሽ ወደ ሃርፐርስ ፌሪ ሄዱ። ቀኑ ብሩህ ነው። ፍሬድሪክን አልፈው፣ መንገዱ ጠቦ ጫካ ውስጥ መጠማዘዝ ሲጀምር፣ የአዶኒያስ ስልክ ጠራ። ሞተሩ መሪ ላይ በተሰካው ስልክ የሚስቱ እናት ስም ብቅ አለ። እትዬ እንግዳወርቅ ውድብሪጅ ነው የሚኖሩት፤ እሑድ እሑድ ለሁሉም ልጆቻቸው በተራ ይደውላሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ከዚያ ያ ርጉም ዕቃ በራሱ አነሳው። የጓደኞቹ ድምፅ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ሃሎ? አዶኒያስ ልጄ? እንደምን አደርክ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን አደሩ እትዬ?»

«ይመስገነው። ቤትህ እንዴት ነው? ልጄ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ ይመስገነው።»

አንዲት ቁልፍ ናት። በግራ አውራ ጣቱ ጫን ቢላት ስልኩ ይዘጋል። እንደሚዘጋም፣ ካልዘጋው ከኋላው ያሉት ሰባቱ እንደማይሰሙም፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ቢያንስ እንደዚያ ይመስለው ነበር። ግን የእናት ያህል ሰው ሰላምታ ላይ እያሉ እንዴት ጆሯቸው ላይ ይዘጋል? እትዬ እንግዳወርቅ ደግሞ አንዴ ከከፋቸው ዓመት አይበቃቸውም። ሰላምታው ይለቅ፣ ከዚያ «መንገድ ላይ ነኝ» እላለሁ አለ በልቡ።

«የልጁ ጉንፋንስ?»

«ተሽሎታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ከፊቱ ያሉት ሞተሮች አንድ በአንድ ወደ ግራ ሲሸሹ አየ። እሱም ሸሸ። ኩርባው ላይ ከቀኝ በኩል የጭነት መኪና ያፈሰሰው ጠጠር ግማሽ መንገዱን ሸፍኖታል። ከኋላው ያለው የእሱን ጀርባ አይቶ ይሸሻል፣ ከእሱ ኋላ ያለው የዚያኛውን። ኤፍራታ ግን ኩርባ ትፈራለች፣ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ የምታየው ጀርባ የላትም። ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባው። አውራ ጣቱ ወደ ቁልፏ ሄደች።

«አባትህስ? ወገባቸው እንዴት ሆነላቸው?»

«እሳቸውም ደህና ናቸው» አለ፤ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር እየጮኸ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ጨረሰ። ከዚያ ነው የተጫነው።

የጓደኞቹ ድምፅ ሲመለስ መጀመሪያ የሰማው ከኋላ የሚጮኸውን ሰው ነበር። «ቁሙ! ቁሙ! ኤፊ የለችም!»

ኩርባው ላይ፣ ከመንገዱ ዳር ጉድጓድ ውስጥ አገኟት። ሞተሯ እግሯ ላይ ተጋድማለች፤ ሄልሜቷ ተሰንጥቋል፤ ንስሩ ግን አልተጫረም። ዓይኗን ገልጣ ነበር። አዶኒያስን ስታየው ለመሣቅ ሞከረች፤ አፏ ውስጥ ደምና አፈር ነበር። እሱ ስሟን ብቻ ሲጠራ አምቡላንስ መጣ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ አሥራ ሦስቱም ሄልሜታቸውን ታቅፈው ቆመዋል። ሐኪሟ ወጥታ እግሯ ሁለት ቦታ፣ የአንገት አጥንቷም እንደተሰበረ፣ እንደምትተርፍ፣ እግሯ ግን እንደ ድሮው ላይሆን እንደሚችል ነገረቻቸው። ጋሽ ኪዳኔ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። «ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ» አሉ። «ጠጠር አለ፣ ቀኙን ልቀቁ፣ ወደ ኋላ አስተላልፉ ብዬ ሦስት ጊዜ።»

«ዘግታው ይሆናላ» አለ ወንድሜነህ። የሆነ ቦታ ሄዶ ለሁሉም ጁስ ገዝቶ ነው የመጣው፤ እያደለ ነው የሚያወራው። «ልጅ ናት፣ ሙዚቃ ከፍታ ይሆናል። ዕቃው እንደሆነ ባለሙያ የመሰከረለት ነው። አይደለም አበልጄ?»

ሁሉም ወደ አዶኒያስ ዞሩ። ጁሱን በእጁ ይዟል። የወንድሜነህን አፍ ያያል፤ ከዚያ አፍ ይልቅ የገዛ አፉ ነበር የሚያስጠላው።

«አይሰማም» አለ። «ከመጀመሪያውም አይሰማም ነበር። አንድ ሰው ስልክ ካነሳ ከኋላው ያለው ሁሉ ይደነቁራል። አምስት ጊዜ ሞክሬው አምስቱንም ጊዜ እንደዚያ ነው። እያወቅኩ ነው የዋሸኋችሁ። ዛሬ ስልክ ላይ የነበርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ወንድሜነህ ፊቱ አመድ መሰለ። «ሰው ፊት?» አለ። «እንዲህ ሰው ፊት?»

አዶኒያስ ስድብ ጠበቀ፣ ቢመቱትም ደስ ባለው። ጋሽ ኪዳኔ ግን ከተቀመጡበት ቀና አላሉም።

«እኔማ» አሉ ወለሉን እያዩ፣ «ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ ስጣራ ከኋላ የሚመልስልኝ አልነበረም። ግማሹን ጊዜ ለብቻዬ ነበር የማወራው። ባለሙያው ካለ ብዬ ነው እንጂ።»

«እኔም ጋ ይቆረጥ ነበር» አለ አንዱ። «እኔስ? ግን ወንድሜነህ እንዳይከፋው...» አለ ሌላው፣ ሳይጨርሰው። አንዳንዱ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። አሥራ ሦስት ሰው፣ አሥራ ሦስት አፍ፤ ምራቁንም ግሳቱንም ሳይሳቀቅ ሰው ጆሮ ውስጥ ሲተፋ የከረመ አፍ ሁሉ፣ ይቺን አንዲት ቃል ማውጣት ነበር ያቃተው። አዶኒያስ አንድ በአንድ አያቸውና ተጸየፋቸው፤ ራሱንም አንደኛ አድርጎ።

ነርሷ «የኤፍራታ ቤተሰብ» ብላ ጠራችው።

ክፍሉ ውስጥ ኤፍራታ እግሯ ከፍ ብሎ ታስሮ ተኝታለች። ከንፈሯ አብጧል። አዶኒያስ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ቀና ብሎ ሊያያት ስላልቻለ ለአንሶላው ነው የተናገረው።

«ኤፊ፣ ያ ኢንተርኮም እንደማይሠራ አውቅ ነበር።»

«አይ ኖው፣ አውቃለሁ» አለች በቀስታ።

«አይ፣ አልገባሽም። ሳልመርጠው በፊት ነው የማውቀው።»

«እኔም አውቅ ነበር እኮ አዱ። ከፈርስት ዴይ ጀምሮ። ኋላ ላይ ምንም የለም፤ ዝም ብሎ ሽሽሽ ነው የሚለው።»

አዶኒያስ ቀና አለ። «ታዲያ ስጠይቅሽ? በየመንገዱ ስጠይቅሽ ጥርት ብሎ ትይኝ አልነበር?»

«ሁሉም ሰው ቆሞ እኮ ነው የምትጠይቀኝ» አለች። የምትናገረው እንዳይከፋው እየተጠነቀቀች ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ሆና እንኳን። «አንተ መርጠኸው፣ እኔ እህትህ ሆኜ አይሰማም ልበል? ሰው ፊት ኤምባረስ ላደርግህ?» ዓይኑን ፈለገችው።

«እንደሱ አይደል እንዴ የሚደረገው?»